ከኖራው መስመር ወዲህ

በ1963 ዓ.ም. አሰብ ውስጥ፣ በነዳጅ ማጣሪያው የደህንነት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ክብሪትና ላይተር በር ላይ እቀበላለሁ፣ ያለ ኤልሜት የመጣውን ከደጅ እመልሳለሁ፣ የማይታለፍበትን ቦታ በቀይ ቀለም አሰምራለሁ። ሠራተኛው «አቶ ክልክል» የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር። ፊት ለፊት ባይጠሩኝም ከኋላዬ ስሰማው አይከፋኝም። ወደ አሰብ ከመምጣቴ በፊት በሠራሁበት ጋራዥ አንድ ባልደረባዬ ከቤንዚን በርሜል አጠገብ ሲጋራ ለኩሶ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ «ለምን ተከለከልን?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ክርክር ውስጥ አልገባም። ሕግ ነው፣ አለቀ።

ወጣት ነበርኩ፤ ላጤ ነበርኩ። ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የወሎ ሰው ሱቅ ነበራቸው። እኔም የደሴ ልጅ ስለሆንኩ «የአገሬ ልጅ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ሚስታቸው እትዬ ዘሐራ ምግብ ሲሠሩ ለእኔም ይተርፋል። ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔም አሰብ ውስጥ ሌላ ዘመድ የለኝም። እንዲህ ነበር የተቀራረብነው።

ያን ጊዜ አሰብ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታወራው። በወግ የሚናገር ሰው «የተቅማጥና የትውከት በሽታ» ይለዋል፤ ገበያው ግን ኮሌራ ብሎ ጨርሷል። ከባሕር ማዶ መጣ የሚል አለ፣ በመርከብ ገባ የሚል አለ። ለዚሁ ጉዳይ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ውሃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ፣ ለቅሶ ቤት አትሰብሰቡ ይባላል። እኔ ሁሉንም ቃል በቃል እፈጽም ነበር። እትዬ ዘሐራ እጄን ደጋግሜ ስታጠብ እያዩ «ቆዳህ እንዳያልቅ» ብለው ይስቁብኛል።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ሐጂ እንድሪስ ስኳርና ዱቄት ጭነው ወደ ራሔይታ ሊሄዱ ተነሡ። ራሔይታ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ ያለች የአፋር ዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ሐጂ ከዚያ የደረቀ ዓሣ ይጭናሉ።

«ሁልጊዜ ብረት ስታይ ከምትውል ና ባሕር ላሳይህ» አሉኝ።

«ባሕሩ እዚህስ አለ አይደል ሐጂ?»

«እሱ የመርከብ ነው። የዓሣውን ና እይ።»

ሄድኩ። ሹፌሩ ተክሌ ይባላል፣ የአሥመራ ልጅ ነው፤ አሮጌ ፊያት ካሚዮኑን እየሰደበ የሚነዳ ጨዋታ አዋቂ። ራሔይታ አድረን፣ ዓሣ በልተን፣ ባሕር ገብተን፣ እሁድ ማለዳ ስንመለስ አንድም የታመመ ሰው አላየንም ነበር። ፋጡማ የምትባል አፋር ወጣት እናት ጡት የምትጠባ ልጇን አቅፋ አብራን ተሳፈረች። ወንድሟ አሰብ ወደብ ላይ ይሠራል፤ እሱ ዘንድ መሄዷ ነው። አማርኛ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው የምታውቀው፤ ሐጂ አፋርኛውን እንደ ውሃ ስለሚጠጡት እሳቸው ያስተረጉሙላታል።

ከማጣሪያው ማማ ላይ ሁልጊዜ የምትነደው እሳት በሩቁ መታየት ስትጀምር ተክሌ በድንገት ፍሬን ያዘ። ጥቁሩ ድንጋይ መሬት ላይ፣ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር፣ ነጭ ኖራ ተሰምሯል። ከመስመሩ ወዲያ በሁለት እንጨት የተወጠረ ሸራ አለ። ከሥሩ አንድ ፖሊስና አፍንጫውን በፋሻ የሸፈነ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ብድግ አሉ።

«ቁሙ! ከመስመሩ እንዳታልፉ!» አለ ነጭ የለበሰው። ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት፣ እንደሆነና በላይነህ እንደሚባል ኋላ ነው ያወቅሁት። «ከየት ናችሁ?»

«ከራሔይታ» አለ ተክሌ።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ መንገዱ ተዘግቷል። ከዚያ በኩል የመጣ ሰው አምስት ቀን እዚሁ ይቆያል።»

«ታዲያ እንመለሳ።»

«መመለስም የለም። የደረሰ ባለበት ይቁም ነው ትእዛዙ። ቁልፉን ወርውርልኝ።»

ተክሌ የመኪናውን ቁልፍ ወረወረ። ድሬሰሩ በሁለት ቀጫጭን እንጨት አንሥቶ ዴቶል ያለበት ጣሳ ውስጥ ነከረው።

«ወላሂ፣ ቁልፉም ታሟል» አሉ ሐጂ እንድሪስ። ተክሌ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

«ሐጂ፣ ሰዎቹ ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። አምስት ቀን ምን አላት?» አልኳቸው። ከልቤ ነበር የተናገርኩት። እኔም እዚያ ቆሜ ቢሆን ያው ነበር የማደርገው።

ሐጂ ወደ ፖሊሱ ዞረው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

«ወአለይኩም ሰላም» አለ ፖሊሱ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። አስር አለቃ ጀማል ነው ስሙ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት ወደ ሐጂ በኩል አላየም።

ድሬሰሩ ጥያቄውን ቀጠለ። «የያዛችሁት ውሃ ከየት ነው የተቀዳው?»

«ከራሔይታ ጉድጓድ።»

«ድፉት።»

እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ የከበደኝ። «ይደፋ፣ ልክ ነው። ግን ሌላው ውሃ አስቀድሞ ይምጣ» አልኩት። «እኔ በምሠራበት ቦታ አንዱ የቧንቧ መስመር ሳይከፈት ሌላው አይዘጋም።»

«የውሃ ቦቴ እየመጣ ነው። ድንኳንና ምግብም አብሮት ይመጣል። የተበከለ ውሃ ይዛችሁ እንድትቆዩ አልፈቅድም።»

«መበከሉን በምን አወቅህ?»

«አለመበከሉንስ አንተ በምን አወቅህ?»

 ፖሊሱ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘ። ተክሌ ጀሪካኑን ዘቀዘቀው። ፋጡማ የፍየል ቆዳ እርኮቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሐጂን አየች። ሐጂ በአፋርኛ ረጋ ብለው ነገሯት። የእርኮቱን አፍ ራሷ ፈታ ለቀቀችው። መሬቱ ባንድ ጊዜ መጠጠው፤ እርጥቡ ቦታም ወዲያው ደረቀ።

የአሰብን ሰኔ የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ነፋሱ አያቀዘቅዝም፣ ይለበልባል። ጥላ ያለው ከካሚዮኑ ሆድ ሥር ብቻ ስለነበር አራታችንም ከሕፃኗ ጋር እዚያ ገብተን ተኛን። የደረቀው ዓሣ ሽታ ከላያችን ነው። ቦቴው አልመጣም።

ነፋሱ ኖራውን ጠርጎ ሲወስደው አስር አለቃው ከጆንያ እየዘገነ እንደገና ያሰምራል። አንድ ጊዜ አዲሱ መስመር ከበፊቱ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ተሰመረ።

«እሰይ፣ ወደ ከተማ ቀረብን» አለ ተክሌ። የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነበር።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ የፋጡማ ልጅ ስታለቅስ ቆይታ ዝም አለች። እናቲቱ ጡቷን እየሰጠቻት ራሷን ትነቀንቃለች። ሐጂ እንድሪስ «አብሽሩ፣ አሁን ይደርሳል» ይሉ ነበር፤ እየቆዩ እሱንም ማለት ተዉ። ተነሥቼ ወደ መስመሩ ሄድኩ። በላይነህ ከሸራው ሥር ኮዳውን ከጎኑ አስቀምጦ ተቀምጧል።

«ካለህ ላይ ጥቂት ስጠን» አልኩት። «ለሽማግሌውና ለሕፃኗ ብቻ።»

«ኮዳው ወደ እናንተ ከሄደ ተመልሶ አይመጣም።»

«አንመልሰውማ! ለእኛ ይሁን።»

«ዕቃ ከመስመሩ አያልፍም። ወዲህም ወዲያም።» ከንፈሩ ደርቋል፤ እሱም ብዙ እንዳልጠጣ ያስታውቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጨካኝ አድርገህ አትየኝ» አለኝ። «ከዚህ በፊት በነበርኩበት ቦታ አንድ ሰውዬ አሳዝኖኝ አሳለፍኩት። ልጆቼ ጋ ልግባ ብሎ ለመነኝ። ከሳምንት በኋላ እሱንም ልጆቹንም ተሸክሜ የቀበርኳቸው እኔ ነኝ። ሰው በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት እንደሚያልቅ አላየህም። ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ቆዳው ይሸበሸባል፣ ያለው ውሃ ሁሉ ከሰውነቱ ወጥቶ ያልቃል። እኔ አይቻለሁ።»

ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ይህን የምጽፈው ያን ልጅ ለመውቀስ አለመሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። ሆኖም ከአፌ የወጣውን ቃል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«እንግዲያ በሽታው የሚገድለው ሰውን በማድረቅ ነው አልክ» አልኩት። «አሁን እኛን እያደረቀን ያለው ማነው?»

 በላይነህ ቆመና ወደ ከተማው አቅጣጫ ማየት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ አቧራ ታየን። ተክሌ ከመኪናው ሥር ተስቦ ወጥቶ «መጣ! መጣ!» አለ። ፋጡማ ልጇን ይዛ ቆመች። የመጣው ግን ቦቴ አልነበረም። አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ከሸራው አጠገብ ቆማ ሹፌሯ ጆንያ ማውረድ ጀመረ።

«ምንድን ነው?» አለ በላይነህ።

«ኖራ። ኖራው አለቀ ብላችሁ ልካችሁ የለ?»

«ውሃውስ?»

«የቦቴው ሹፌር እሁድ ስለሆነ አልተገኘም። ነገ ይመጣል ብለዋል።»

ዞሬ ሐጂን ሳይ ዓይናቸው ተከፍቷል፤ ግን እኔን አያዩኝም። ላባቸው ቆሟል፣ ግንባራቸው እንደ ምጣድ ይፋጃል። «ዘሐራ፣ በሩን ክፈቺው» ይላሉ። በሙቀት የሚሠራ ሰው ላቡ ሲቆም ምን እንደሚከተል ሥራዬ አስተምሮኛል። ከመኪናይቱ ጀርባ ላይ ሹፌሩ ለሞተሩ የያዘው የውሃ በርሜል ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አደረግሁት ማለት አልችልም። ባዶውን ጀሪካን አነሣሁና ወደ መስመሩ ሄድኩ።

«ቁም!» አለ አስር አለቃ ጀማል።

«ውሃ ልቀዳ ነው።»

«ቁም አልኩህ! እተኩሳለሁ!» የጠመንጃውን ጥይት ሲያቀባብል ሰማሁት።

እግሬ ኖራውን ረገጠ። በሕይወቴ ሙሉ የተከለከለ መስመር ስረግጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አልቆምኩም። «ወንድሜ፣ ሽማግሌው እየሞቱ ነው» አልኩት።

በላይነህ ሮጦ በእኔና በጠመንጃው መካከል ገባ። ፋሻውን ከአፍንጫው አወረደና በባዶ እጁ ጀሪካኑን ከእጄ ነጠቀኝ።

«አስር አለቃ፣ ጠመንጃህን አውርድ።»

«ትእዛዙስ?»

«ትእዛዙ በጥም ፍጇቸው አይልም። ከተጠየቅን እኔ እጠየቃለሁ።»

ጀሪካኑን በርሜሉ ውስጥ ነክሮ ሞላው። የመኪናይቱ ሹፌር «ነካችሁት! በርሜሉን ነካችሁት! በቃ የእናንተ ነው!» እያለ እጁን በባዶ ጆንያ ጠቅልሎ በርሜሉን አውርዶልን ሸሸ። ቀኑን ሙሉ ውሃ የከለከለን ሕግ በመጨረሻ በርሜል ሙሉ ውሃ ሰጠን።

በላይነህ ጀሪካኑን ተሸክሞ መስመሩን ተሻገረ። «አሁን እኔም ከእናንተ ነኝ። አምስቱን ቀን አብሬ እቆያለሁ» አለ። ለሕፃኗ ከጨርቅ ጫፍ እያንጠባጠበ አጠጣት። እናቲቱ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጥቂት ቆይታ ልጅቱ ጡት ያዘች። ፋጡማ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

የሐጂን ልብስ በውሃ ነከርነው፣ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠብታ ጠብታ አቀመስናቸው። አንድ ጊዜ ዓይናቸው ጠራና አወቁኝ።

«የአገሬ ልጅ» አሉ። «ዘሐራን አደራ።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም። ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ስትጀምር ትንፋሻቸው ቆመ።

በላይነህ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አላስቀመጣቸው፣ አላስመለሳቸው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። «ምንም አልነበረባቸውም።»

በዚያን ጊዜ ሕግ የሞተ ሰው አይታጠብም፣ አይገነዝም። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ኖራ ይፈስበታል፣ አለቀ። ኖራው ደግሞ ጆንያ ሙሉ መጥቷል። በላይነህ ጆንያዎቹን አየና ፊቱን አዞረ። እኔና ተክሌ ክርስቲያኖች ነን። ፋጡማ ሴት ናት፤ ወንድ አስከሬን አታጥብም። ሐጂን እንዲሁ አፈር ልናለብሳቸው ነው።

አስር አለቃ ጀማል ከወዲያ በኩል እስከ መስመሩ አፋፍ መጣ።

«የሚያሰግድ ሰው አላችሁ?» አለ።

«የለንም» አልኩት።

 የጥይት ቀበቶውን ፈታ። ጠመንጃውን ሲቀመጥባት የዋለች ሳጥን ላይ አጋደመ። ጫማውን አወለቀና በዚያ በሚያቃጥል መሬት ላይ በባዶ እግሩ መስመሩን ተሻግሮ መጣ። ውሃ ከበርሜሉ ቀድቶ ሐጂን እንደ አባቱ አድርጎ አጠባቸው። ሐጂ ይዘውት በነበረው ነጭ ኩታ ገነዛቸው። እኔ፣ ተክሌና በላይነህ ከድንጋዩ ራቅ ብለን ጉድጓድ ቆፈርን። እሱ ከፊት ቆሞ ሰገደባቸው፤ ፋጡማ ከኋላው ቆመች፤ እኛ ሦስታችን ራሳችንን ዝቅ አድርገን ከዳር ቆምን። ቀብረን ስንጨርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

አሁን አስቡት። ከመስመሩ ወዲያ ያለው አንድ ሸራ፣ አንድ ሳጥንና አንድ ጠመንጃ ብቻ ነው። ከተማው ከፊታችን ነው። መንገዱን የሚጠብቅ አንድም ሰው የለም። ቁልፉ ጣሳ ውስጥ ነው፤ ተክሌ ሄዶ ቢያነሣው የሚከለክለው አልነበረም። ማንም አልሄደም። «ምናልባት ይዞን ቢሆንስ? ከተማው ውስጥ ሕፃናት አሉ» ያለው ራሱ ተክሌ ነው። ያ ቀኑን ሙሉ ሲሳለቅ የዋለው ተክሌ! በማግሥቱ ቦቴው መጣ፣ ድንኳኑም መጣ። ሁላችንም፣ ድሬሰሩም ፖሊሱም ጭምር፣ አምስቱን ቀን ቆየን። አንዳችንም አልታመምንም።

በላይነህ በዚያ ምክንያት ከአሰብ ተዛወረ። አስር አለቃ ጀማል ማዕረጉን ተቀማ፤ ሲነግረኝ ግን ትከሻውን ሰብቆ ነው። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ክብሪት መቀበሌን አልተውኩም፤ ክብሪትና ጋዝ ሲገናኙ የሚሆነው ያው ነው። አዲስ ክልከላ አውጣ ስባል ግን ከወረቀቱ በፊት ክልከላው የሚፈጸምበት ቦታ ሄጄ መዋል ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ሠራተኛው ፈረቃው እስኪያልቅ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ደንብ ሊወጣ ሲል፣ መጀመሪያ የመጠጥ ውሃ ቦንባ እዚያው ካልተዘረጋ አልፈርምም ብዬ ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ። ቦንባው ተዘረጋ።

በቅርቡ ዓለም ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠ ጊዜ እኔም አርጅቼ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ልጆቼ በመስኮት ነው ያናገሩኝ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜአለሁ፣ የተባልኩትን አድርጌአለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ግን የእናቷን አስከሬን ሳታይ እንደተቀበረባት ስሰማ፣ ያን ዕለት ጉድጓድ የቆፈረው እጄ እንደ አዲስ አመመኝ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከመካከላችሁ አንድ ቀን «ማንም እንዳያልፍ» ብሎ የሚፈርም ሰው ይኖራል። በሽታ የለም አልላችሁም፤ በላይነህ የቀበራቸውን ልጆች አልረሳሁም። ሰው ግን አብራችሁት ከቆማችሁ ያለ ጠመንጃም ባለበት ይጠብቃል። እኔ አይቻለሁ።

ከድንኳኑ የወጣን ዕለት መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ዘሐራ ዘንድ ነው። መርዶው ቀድሞኝ ደርሷል። ለቅሶ መሰብሰብ ስለተከለከለ ብቻቸውን ሱቁ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«በሽታው ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የገደለው?»

እውነቱን ነገርኳቸው። «ጥማት ነው» አልኳቸው።

«የት?»

«እዚሁ፣ ከተማው መግቢያ ላይ።»

 ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ውሃ በጣሳ ሞልተው አመጡልኝ። «ጠጣ» አሉኝ። እስክጨርሰው ድረስ ከአጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ።